ከመጋቢት 7 በኋላ፦ የ2012ቱ የትምህርት መቋረጥና በአየር ላይ የተሞከረው ምትክ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ መንግሥት ወሰነ። በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጅ ነገሩን ከወትሮው ትንሽ ረዘም ያለ እረፍት አድርጎ ነበር የወሰደው፤ መምህራንም የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ዕቅድ በሁለት ሳምንት ገፋ አድርገው ለመቀጠል ይጠባበቁ ነበር። ይሁን እንጂ ጊዜው ተራዘመ፤ መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የትምህርት ዘመኑም የትምህርት ቤት በር ሳይከፈት አለቀ። ከቅድመ መደበኛ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለዩ። ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በየዙሩ ሲሆን ቅድሚያ የተሰጠው ለገጠርና ለወረዳ ትምህርት ቤቶች ነበር፤ አዲስ አበባ በመጨረሻው ዙር ተከተለች።

ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ሰባት ወራት ትምህርትን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ለማስቀጠል የተደረገውን ሙከራና ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመረምራል። በአብዛኛው የምናገረው ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ምክንያቱም «መሠረተ ልማት አልነበረም» የሚለው መልስ በቀላሉ የማይበቃባት ከተማ አዲስ አበባ ናት። መብራት አለ፣ ቴሌቪዥን በብዙ ቤት አለ፣ የሞባይል ኔትወርክ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይሻላል። ያም ሆኖ ትምህርቱ አልተሳካም፤ ያልተሳካበትም ምክንያት ከሽቦና ከአንቴና ያለፈ ነው። እኔ የደረስሁበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ትምህርቱ ወደ ልጁ ቤት የሚሄድበት መንገድ ተገኝቶ ነበር፤ ልጁ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ወደ መምህሩ የሚመለስበት መንገድ ግን አልተሠራም። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱም ያ ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ ሳይለካ ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ተሻገረ። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው የከፋ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን ወረርሽኙ በድንገት አምጥቶታል፣ ለሁለተኛው ግን ለማሰብ ሰባት ወር ነበረን።

አገሪቱ አስቀድማ የምታውቀው ነገር

በስክሪን ማስተማር በኢትዮጵያ በኮሮና የተጀመረ አይደለም። ትምህርት በሬዲዮ ማስተላለፍ የአሥርተ ዓመታት ታሪክ ያለው ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲከታተሉ ቆይተዋል። ተማሪው «ፕላዝማ» ይለው የነበረው ይህ ነው። በፕላዝማ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ የክፍሉን ሁኔታ ያስታውሳል። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር፤ ለመምህሩ የሚቀሩለት መግቢያና መደምደሚያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ የተወሰኑ ሰከንዶች ይሰጣል፣ ሰከንዶቹ ሲያልቁ ተማሪው ገባውም አልገባውም ያልፋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ በዚያው ያመልጣል።

በፕላዝማ ላይ ከመምህራንና ከተማሪዎች ይነሳ የነበረው ቅሬታ በአንድ ነገር ላይ ያተኮረ ነበር፤ ፍጥነቱ የክፍሉ ፍጥነት አለመሆኑ። መልካም አስተዋይ መምህር ያለበት ክፍል ግን መትረፍ ይችል ነበር፤ ስክሪኑ ካለፈ በኋላ መምህሩ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጉዳዩን ደግሞ ያብራራል፣ ያልገባውን ልጅ ፊቱን አይቶ ያውቃል፣ በማግስቱ ይመለስበታል። ያን አሠራር እስከ መጨረሻው ያቆየው ይህ የመምህሩ ጥገና ነው ብዬ አምናለሁ። በ2012 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ትምህርቱ እንደገና ዋና መንገድ ሆኖ ሲመጣ፣ ያ የሚጠግነው ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ክፍሉ ራሱ አልነበረም።

ትምህርቱ የሄደባቸው መንገዶች

መዘጋቱ ከታወጀ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ማስተላለፍ ጀመሩ። ክልሎች በየቋንቋቸው የሬዲዮ ትምህርት አዘጋጁ፤ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮም የራሱን ሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት ተጠቀመ። ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው። ትምህርቱን ለማዘጋጀት በየስቱዲዮው የገቡት መምህራን ያለ ተማሪ፣ ለማይክሮፎን ብቻ ማስተማር ለምደው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በጥንቃቄና በቅንነት ሠርተውታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከተቀባዩ ቤት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በከተማ 93 በመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች መብራት እንዳላቸው፣ በገጠር ግን 8 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቶ ነበር፤ ሬዲዮ ያለው ቤተሰብም በአገር አቀፍ ደረጃ ከሦስት አንድ አይሞላም ነበር። በአራቱ ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ መሻሻሉ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ገበሬው ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ሬዲዮ፣ ባትሪዋ የሚገዛው ለዜናና ለገበያ ዋጋ ነው፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ደግሞ ልጁ ከከብት ጋር ሜዳ ላይ ነው። በገጠር ለነበረው አብዛኛው ተማሪ የአየር ላይ ትምህርት የሚባለው ነገር ወሬው እንጂ ድምፁ አልደረሰም።

በአዲስ አበባ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚህ በተለይ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ከእነሱም ተከትለው አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ቴሌግራም ገቡ። ቴሌግራም የተመረጠው ማንም አጥንቶ ስለወሰነ አልነበረም። ትልቅ ፋይል ይልካል፣ ለመክፈት ብዙ ዳታ አይበላም፣ በርካታ ሰው በአንድ ግሩፕ ይይዛል፣ ከሁሉም በላይ ወላጁም መምህሩም ስልካቸው ላይ ቀድሞ ነበረ። ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በዙምና በመሳሰሉት ፊት ለፊት ማስተማር ችለዋል፤ ለቀሪው ከተማ ግን «ኦንላይን ትምህርት» ማለት ቴሌግራም ማለት ነበር።

የአንድ ቀን ትምህርት በቴሌግራም ምን ይመስል እንደነበር በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ጠዋት መምህርቷ ኖቱን በእጇ ወረቀት ላይ ትጽፍና በስልኳ ፎቶ አንሥታ ግሩፑ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ወይም ካለፈው ዓመት የቀረ ወርክሺት በፒዲኤፍ ትልካለች። ቀጥላ የሦስት ወይም የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ትቀዳለች፤ «ልጆች፣ ገጽ ይህን አውጡ» ብላ ታስረዳለች። ስልኩ የአባት ነው፤ አባት ሥራ ላይ ነው። ማታ ሲገባ ፓኬጅ ሞልቶ ያወርዳል፤ የአራተኛ ክፍሉ ልጅ ፎቶውን እያሰፋና እያጠበበ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ የሰባተኛ ክፍሏ እህቱ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ታናሽየዋ ስልኩን ለጨዋታ ትፈልገዋለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ እናት የልጇን ደብተር ፎቶ አንሥታ ትመልሳለች። መምህርቷ ጋ በዚያ ምሽት ከሦስት ክፍል የተላኩ፣ ገሚሱ የደበዘዘ፣ ገሚሱ የተገለበጠ፣ የማን እንደሆነ ስም ያልተጻፈበት በርካታ ፎቶ ይደርሳታል። «ጎበዝ!» ብላ የአውራ ጣት ምልክት ትልካለች። ከዚህ በላይ እንድታደርግ መጠበቅ ግፍ ነው፤ የራሷም ልጆች በዚያው ስልክ ላይ ናቸው።

የዩኒቨርሲቲዎቹን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ተማሪዎቹ በመጋቢት ወር ወደየቤታቸው ተሸኙ፤ በርካታ ግቢዎች ለለይቶ ማቆያ ዋሉ፤ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች በኢሜይልና በኢንተርኔት እየተማከሩ በከፊል ቀጠሉ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ግን አብዛኛው ወደ ገጠር ወይም ወደ ትንሽ ከተማ ስለተመለሰ ትምህርቱ ቆመ። ሲከፈት ተመራቂዎች ቀድመው ተጠሩ። አዋቂ ተማሪ የዘገየውን ማካካስ ይችላል፤ ስለዚህ የእኔ ጭንቀት ከታች ባሉት ክፍሎች ላይ ነው።

ያልተመለሰው ነገር

መምህር በክፍል ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ስናስብ መጀመሪያ የሚታየን ሲያስረዳ ነው። ልምድ ያለው መምህር ግን አብዛኛውን ነገር የሚያውቀው በረድፎቹ መካከል ሲዘዋወር ነው። አንድ ምሳሌ እወስዳለሁ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምር ሲባል ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ይጽፋል። ይህ ስህተት በየዓመቱ፣ በየክፍሉ የሚገኝ ነው። መምህሩ ደብተሩን አየት ሲያደርግ ይይዘዋል፤ «ግማሽ ዳቦ ላይ ሌላ ዳቦ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ይስቃል፣ ይሰርዘዋል። ነገሩ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

በቴሌቪዥን ላይ ያው ትምህርት በትክክል፣ ምናልባትም ከክፍሉ መምህር በተሻለ ሥዕል ቀርቧል። ልጁም ቁጭ ብሎ ተከታትሏል። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ደብተሩ ላይ ያለው ሁለት አምስተኛ ነው፤ ያን የሚያይ ሰው የለም። በቀጣዩ ሳምንት ስርጭቱ ወደ አሥርዮሽ ቁጥር ያልፋል፤ ልጁ ስህተቱን እንደ እውቀት ይዞ አብሮ ያልፋል። በቴሌግራም ግሩፕም ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ የቤት ሥራው ትክክል ሆኖ ሲመጣ የሠራው ልጁ ይሁን ታላቅ ወንድሙ መለየት አይቻልም፤ ወላጅም ልጁ እንዳይወቀስ ብሎ አርሞ የላከበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይጨመራል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው በሰባተኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። የሰባተኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ማለት እንግሊዝኛው ገና ሸክም የሆነበት ወቅት ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል እየተመላለሰ ያሻግራቸዋል፤ ቤት ውስጥ ግን እናት መጽሐፉን ብትከፍትም የባዮሎጂው ቃል ለእሷም ለልጇም እኩል እንግዳ ነው። «ወላጆች ልጆቻችሁን አግዙ» የሚለው የዚያን ጊዜ ተደጋጋሚ መልእክት በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም፣ ለማገዝ የሚያስችለው እውቀትም ቋንቋም በእኩል እንዳልተከፋፈለ የዘነጋ ነበር።

ፊደል ላይ የቆሙት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ናቸው። መጋቢት ላይ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ቆጠራው ላይ ነው። ፊደላችን በሰባት ረድፍ የተደረደረ ከሁለት መቶ በላይ ምልክት ያለው በመሆኑ ልጁ መጀመሪያ የሚይዘው ዜማውን ነው፤ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ እስከ መጨረሻው ያወርደዋል። ወላጅ ይህን ሰምቶ ደስ ይለዋል። መምህርቷ ግን ልጁ በዜማ መጥራቱን ትታ ከመሐል አንዱን፣ «ቤ»ን ወይም «ቆ»ን፣ በጣቷ ትጠቁማለች፤ ያኔ ብዙው ልጅ ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥቶ እየቆጠረ እስከዚያ ይደርሳል። ከዚህ ደረጃ ወጥቶ ፊደሉን በአየበት ቦታ ሁሉ ወዲያው እስኪለይ፣ ከዚያም ሁለት ሦስቱን አያይዞ ቃል እስኪያነብ የሚፈጀው ጊዜ በአብዛኛው ያው የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው።

እነዚህ ልጆች የቆሙት በዚያ ነጥብ ላይ ነው። ሬዲዮ ፊደል ማሳየት አይችልም። ቴሌቪዥን ያሳያል፣ ነገር ግን ልጁ «ቤ»ን አይቶ «በ» ሲል አይሰማም። ማንበብ የሚችል ታላቅ ያለው ቤት ልጁን አስቀጥሏል፤ ያልተማሩ ወላጆች ወይም ከጠዋት እስከ ማታ በቀን ሥራ የሚውሉ ወላጆች ያሉበት ቤት ልጅ ግን የያዘውንም ለቀቀ። የዓለም ባንክ ከወረርሽኙ በፊት በነበረው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ካሉ ሕፃናት ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት 90 በመቶ ገደማ ነበሩ። ወረርሽኙ የመጣው እንግዲህ ጤናማ በሆነ ሥርዓት ላይ አልነበረም፤ ቀድሞውንም በሚያቃስት ሥርዓት ላይ ነው የመጣው።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ብቻ ቆጥሮ «ሰባት ወር ተቋረጠ» ማለትም ጉዳቱን ያሳንሰዋል። ልጅ ሳያነብ በቆየ ቁጥር ያልተማረው ብቻ ሳይሆን የተማረውም ይጠፋል። የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በአንድ ክፍል የተቀመጡት ሁለት ልጆች፣ መጋቢት ላይ ጎን ለጎን የነበሩ ቢሆንም፣ የአንድ ዓመት ልዩነት ይዘው ነው የተመለሱት።

ክፍያና መስመር

በእነዚያ ወራት በአዲስ አበባ ስለ ትምህርት ከተነገረው ብዙው ስለ ክፍያ ነበር። የከተማዋ የግል ትምህርት ቤቶች ድርሻ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እጅግ የላቀ በመሆኑ ጉዳዩ በርካታ ቤተሰብን ነካ። ወላጆች ያልተሰጠ ትምህርት አንከፍልም አሉ፤ ትምህርት ቤቶች የመምህራን ደመወዝና የቤት ኪራይ አለብን አሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡም ሠራተኛ ማሰናበትን ከልክሎ ነበር። በመጨረሻ ከመደበኛው ወርሃዊ ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ ባለው መካከል ከወላጆች ጋር ተስማምተው እንዲያስከፍሉ ተወሰነ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ ዳኛ ቢሆኑ ለማን እንደሚፈርዱ የሚያስቸግር ነገር ነበር። ከትምህርቱ አንጻር ግን የክፍያው ክርክር ያስከተለው አንድ ነገር አለ፦ በቴሌግራም የሚላከው ወርክሺት ቁጥር የአገልግሎት ማስረጃ ሆነ። ብዙ የላከ ትምህርት ቤት ብዙ እንዳስተማረ ተቆጠረ፤ የልጁ ደብተር ላይ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚያም ሰኔ መጣ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በአገሪቱ የነበረው የቴሌኮም ድርጅት አንድ ብቻ ስለነበረ አማራጭ መስመር አልነበረም። በዚያ ሰሞን የሰው ሕይወት እየጠፋ ስለነበር ስለ ቴሌግራም ትምህርት የሚያነሣ አልነበረም፤ መሆንም አልነበረበትም። ለጉዳይ ጥናት ግን መመዝገብ አለበት፤ ትምህርትን በኢንተርኔት ላይ ያቆመ አገር በዚያው ዓመት ኢንተርኔቱን ራሱ ማጥፋቱ ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው እንደማያውቁ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የወጡ የዲጂታል ትምህርት ዕቅዶችን ሳነብ የምፈልገው መጀመሪያ ይህን ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ልጁ ምን ይዞ ይቆያል የሚለውን።

ሳይለካ የታለፈው

የትምህርት ዘመኑ ሊመለስ እንደማይችል ግልጽ ሲሆን፣ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ሌሎቹ ተማሪዎች የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት መሠረት አድርገው ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ውሳኔውን አልቃወምም። ሚሊዮኖችን ባሉበት ማስቀረት በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍልን በእጥፍ መሙላት ማለት ነበር፤ ያለ ጥፋቱ የቀረ ልጅ፣ በተለይ የገጠር ልጃገረድ፣ ተመልሳ የመምጣት ዕድሏም ጠባብ ነበር። በመዘጋቱ ወራት ያለዕድሜ ጋብቻና የጉልበት ሥራ ስንቱን ልጅ ከትምህርት እንዳስቀረ በየአካባቢው ያሉ መምህራን የሚያውቁት ነው።

የምቃወመው ከማዛወሩ ጋር መምጣት የነበረበት ነገር አለመምጣቱን ነው። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ትኩረቱ ሁሉ በበሽታው መከላከል ላይ ነበር፤ ማስክ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የወንበር ርቀት፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ተማሪዎች ብዛት። ይህም ተገቢ ነበር። ተማሪዎች በፈረቃ ተከፈሉ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ገሚሱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ገሚሱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እየመጣ ተማረ። ያም ማለት ባለፈው ዓመት ግማሹን ያጣ ልጅ በአዲሱም ዓመት ከሳምንቱ ግማሹን ነው ያገኘው። የማካካሻ ትምህርት ተባለ፤ መምህሩም ካለፈው ክፍል መጽሐፍ ዋና ዋና ምዕራፎችን በሩጫ ከለሰ። ነገር ግን ማካካስ የሚቻለው የጎደለው ሲታወቅ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ማስነበብና አሥር የሒሳብ ጥያቄ መስጠት ልዩ በጀትም ቴክኖሎጂም የሚጠይቅ ሥራ አልነበረም። በፈረቃው ምክንያት በክፍሉ ያሉት ልጆች ቁጥር ቀንሶ ስለነበር፣ መምህሩ በሙያ ዘመኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ለማስነበብ የተሻለ ዕድል ያገኘው በዚያ ወቅት ነበር። ያ ዕድል በይፋ መመሪያ ስላልታገዘ ባከነ፤ በራሳቸው ተነሣሥተው ያደረጉት መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፣ ምስጋና ይገባቸዋል።

የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ፈተናውን በታብሌት ለመስጠት ታስቦ ተማሪው ለወራት ጠበቀ፤ ታብሌቶቹ በጊዜው ሳይደርሱ ቀሩና ፈተናው በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። ትምህርቱ ከተቋረጠ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ጊዜ መሆኑ ነው። በአዲስ መሣሪያ መፈተንን በዚያው ቀውስ ውስጥ ለመጀመር መሞከሩ፣ ለሙከራ የማይመች ጊዜ ላይ የተደረገ ሙከራ እንደነበር አሁን መናገር ይቻላል።

ለትግራይ ልጆች ደግሞ ይህ ሁሉ አልደረሰም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር በወረርሽኙ የተዘጋው በር በጦርነት ተዘግቶ ቀረ፤ አብዛኛው ተማሪ ወደ ክፍል መመለስ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ሁለተኛ ክፍል የነበረች ልጅ አብዛኛውን የልጅነት የማንበቢያ ዕድሜዋን ክፍል ሳትገባ አሳለፈች። በሌላውም የአገሪቱ ክፍል፣ በአማራና በአፋር ጦርነቱ በደረሰባቸው ወረዳዎች፣ ገና የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘጉ፣ ወደሙም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ስለ ወረርሽኙና ስለ ትምህርት የሚጻፍ ነገር ሁለቱን ጉዳቶች ለይቶ ማስላት አይችልም፤ በአንድ ልጅ ላይ የተደራረቡ ናቸውና።

በኋላ የታየው ውጤት

ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍልን ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መስጠት ከጀመረ በኋላ የወጡት ውጤቶች አገሩን አስደንግጠዋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ሕዝቡ ስለ ኩረጃና ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተነጋገረ፤ እውነትም በቀድሞዎቹ ዓመታት የነበረው ውጤት በኩረጃ የተጋነነ ስለነበር የቁጥሩ መውደቅ ዋና ምክንያት የቁጥጥሩ መጥበቅ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በዚያ ውይይት ውስጥ እምብዛም ያልተነሣ ነገር አለ። የ2014ቱ ተፈታኞች መጋቢት 2012 ላይ አሥረኛ ክፍል ነበሩ፤ የ2015ቱ ዘጠነኛ፤ የ2016ቱ ስምንተኛ። ሦስቱም ምድብ የትምህርት ዘመኑን ግማሽ ያጡ፣ አብዛኞቹም ቀጣዩን ዓመት በፈረቃ የተማሩ ልጆች ናቸው። ከውድቀቱ ስንት እጁ የወረርሽኙ እንደሆነ በቁጥር ለማስቀመጥ የሚያስችል መለኪያ በ2013 አለመወሰዱ ዛሬ ራሱን የቻለ ኪሳራ ሆኗል፤ ተወቃሹ ሁሉ ተማሪውና መምህሩ ሆኖ ቀረ።

ያኔ አንደኛ ክፍል የነበሩት ልጆች መንገዳቸው ከዚህም የተወሳሰበ ነው። አራተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ ዋለ፤ አዲሶቹ መጻሕፍት ደግሞ በበቂ ቁጥር ታትመው ስላልደረሱ ብዙዎቹ ያለ መጽሐፍ ወይም በስልክ ላይ በሚነበብ ፒዲኤፍ ተማሩ። በ2017 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ደርሰው ለፈተና ተቀመጡ። ከእነሱ መካከል ፊደሉን በአየበት ቦታ ሳይለይ፣ ኖት እየገለበጠ ብቻ እዚያ የደረሰ ልጅ አለ፤ የኖቱን ቅርጽ አስመስሎ ይጽፋል፣ አንብብ ሲባል ግን ይቆማል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት የለመደ አፍ አለን።

ለእነዚህ ልጆች አሁንም ማድረግ የሚቻል ነገር አለ፣ ውድም አይደለም። የአማርኛ መምህሩ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዱን ለሁለት ደቂቃ የሦስተኛ ክፍል ምንባብ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ፣ የሒሳብ መምህሩም ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል ጥቂት ጥያቄዎችን መስጠት፣ ውጤቱን ግን ለማርክ ሳይሆን ለምደባ መጠቀም ይችላሉ። ያልቻሉት ልጆች ከሰዓት በኋላ ወይም በክረምት በትንንሽ ቡድን ከፊደሉ ጀምረው እንዲያነቡ፣ ዕድሜያቸውም ትልቅ ስለሆነ ከታናናሾቻቸው ጋር ሳይቀላቀሉ እንዲማሩ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው መምህር የትርፍ ሰዓት ክፍያው ከወረዳው በጀት ሊያዝለት ይገባል፤ በ2013 በበጎ ፈቃድ ብቻ ተጀምሮ ስንት ትምህርት ቤት ላይ እንደቆመ ታይቷልና።